የመሃል ሐይቁ ጠፍር

ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ገበያ ቡናውም እንጨቱም በታንኳ ይሻገር በነበረበት ዘመን አንድ ሽማግሌ ቀዛፊ ነበሩ አሉ። ደንገሉን ራሳቸው አጭደው፣ ራሳቸው አስረው፣ ከውኃ ሲወጣም ራሳቸው ፀሐይ ላይ የሚያሰጡት ሰው። ከሥራቸው አንድ ጎረምሳ ይማር ነበር። የአገሩ ሽማግሌዎች ለየቀዛፊው አንዳንድ ጠፍር ሰጥተዋል፤ መሃል ሐይቅ ላይ ራሱን ስቶ ልዝለል የሚል ተሳፋሪ ቢያጋጥም እንዲታሰርበት። ጎረምሳው ከመቅዘፊያው ይልቅ ጠፍሩን ይወድ ነበር። በዚያ ዕድሜ ማን ያልወደደ!

አንድ ማለዳ የቡና ስልቻ ያዘለች ሴት ዳር ቆማ ትንቀጠቀጣለች። አንድ እግሯን ታንኳው ላይ ታሳርፍና መልሳ ታነሳዋለች። ጎረምሳው ጠፍሩን አነሳ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«አባባ፣ አእምሮዋ ልክ አይደለም። አስሬ ላሳፍራት።»

«ጠፍሩ ለመሃል ሐይቅ ነው። ይቺ ገና ዳር ናት፤ ካሻት ቤቷ ትመለሳለች።» ወደ እሷ ዞሩ። «እህቴ፣ የሚያስፈራሽ ውኃው ነው ወይስ ታንኳው?»

ሴትዮዋ የሚጠይቃት በመገኘቱ ተገረመች። «መንገዳገዱ ነው፣ አባቴ። አምና ያሻገረኝ ሰው አቁምልኝ ብለው ሳቀብኝ።»

«እንግዲያው እጅሽን ባነሳሽ ቁጥር መቅዘፌን አቆማለሁ።»

ሦስት ጊዜ አነሳች፤ ሦስት ጊዜ ቆሙ። ባሕር ዳር የደረሱት ገበያው ከሞቀ በኋላ ነው።

ሌላ ቀን ወንድሞቹ ለጠበል የሚወስዱት ሕመምተኛ ተሳፈረ። መሃል ሐይቅ ላይ ልዝለል አለ፤ ታሰረ። እስከዚህ ደግ ነው። ጎረምሳው ግን ታንኳውን ለማቅለል የሰውየውን ስልቻ ሊወረውር አነሳ።

«ስልቻዬን ተው!»

«እብድ ምን ያውቃል!» አለ ጎረምሳው።

ሽማግሌው ስልቻውን ነጥቀው ባለቤቱ እግር ሥር መለሱት። «ጠፍሩ እንዳይዘል ነው። ስልቻውን ማን ሰጠህ?»

እንደ ጎረምሳው ሁሉ፣ እንግሊዝ አገር የጥርስ ሕክምና የሚማር ሰውም ጠፍር አለው፤ በእጁ የሚገባው ጠፍር በፈረንጆቹ 1983 የወጣው የአእምሮ ጤና ሕግ ነው። በአንቀጽ 2 ሰው ለምርመራ እስከ 28 ቀን ያለ ፈቃዱ ሆስፒታል ሊቆይ ይችላል። አንቀጽ 63 ያለ ፈቃድ እንዲሰጥ የሚፈቅደው ሕክምና ግን የአእምሮ ሕመሙን ሕክምና ነው። የበሰበሰ መንጋጋ ስልቻ ነው፤ ሕመምተኛው ነገሩን ተረድቶ መወሰን እስከቻለ ድረስ አይነቀልልኝ ማለት ይችላል። ስለ መወሰን ችሎታ በ2005 የወጣው ሌላው ሕግ ደግሞ አዋቂ ሁሉ፣ አለመቻሉ እስኪረጋገጥ፣ ለራሱ መወሰን እንደሚችል ይቆጠራል ይላል። የማይረባ ውሳኔ መወሰኑ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ዳር ቆመው የሚንቀጠቀጡትስ? በ2009 በእንግሊዝ፣ በዌልስና በሰሜን አየርላንድ በተደረገው የጥርስ ጤና ጥናት ከአዋቂዎቹ 12 በመቶው እጅግ ከፍተኛ የጥርስ ሕክምና ፍርሃት ነበረባቸው። እነዚህን ሁሉ እብድ ማለት አይቻልም።

ነገሩ ግን ዳርና መሃል ብቻ አይደለም። በ1997 የይግባኝ ፍርድ ቤት ያየው ጉዳይ አለ፦ ልትወልድ የደረሰች ሴት በቀዶ ሕክምና ለመውለድ ተስማማች፤ መርፌው ሲመጣ ግን እንቢ አለች። ፍርሃቱ በዚያች ቅጽበት የመወሰን ችሎታ አሳጥቷታል ሲሉ ዳኞቹ ፈረዱ። ስለዚህ ፍርሃት ራሱ ሰውን መሃል ሐይቅ ሊያደርስ ይችላል። ያ ግን የሕይወት ጉዳይ ነበር፤ የተማሪው ወንበር ላይ የሚቀመጠው አብዛኛው ሰው ነገ ሊመለስ ይችላል። ይህን ፍርድ ለጥርስ ማጠቢያ የሚጠቅስ ተማሪ ካየሁ፣ ያ ጎረምሳ ነው እላለሁ።

የሽማግሌው የእጅ ምልክት ዛሬም በጥርስ ሐኪም ቤት ይሠራል፦ ታካሚው እጁን ሲያነሳ መሰርሰሪያው ይቆማል። ጥያቄያቸውም በወረቀት አለ፤ ስለ ነገ ቀጠሮ፣ ተራ ስለ መጠበቅ፣ ስለ መሰርሰሪያው፣ ስለ ማጠቡ፣ ስለ ማደንዘዣው መርፌ አምስት ጥያቄ ይጠይቃል። 19 ነጥብና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ፍርሃት ነው። ተማሪ ሆይ፣ ወንበሩን ከማስተኛትህ በፊት ወረቀቱን ለታካሚው ስጠው።