ውሻውን የሚያስር አለቃ

ዝቋላ ውስጥ፣ አገሩ ወደ ተከዜ ቆላ በሚያዘቀዝቅበት በኩል፣ አንድ የንብ አንቢዎች ማኅበር ወጣት ሊቀ መንበር መረጠ አሉ። ወጣቱ የተማረ ነው፤ ደንቡን በቃሉ ያውቃል። የከበደው ሰውን መምራት ነበርና ሲጨንቀው በማኅበሩ ዕድሜ ጠገብ ወደሆኑ አንድ ንብ አንቢ ሄደ።

«አባቴ፣ ሰው ከልቡ እንዲከተለኝ ምን ላድርግ?»

«እኔ አለቃ ሆኜ አላውቅም» አሉት ሽማግሌው። «ተከታይ ሆኜ ግን ኖሬአለሁ። ና ወደ ጓሮ።»

ጭስ አጭሰው ዘመናዊውን ቀፎ ከፈቱና አንዱን የማር እንጀራ ከነንቡ አወጡት። «አውራዋን ፈልጋት።»

ወጣቱ ብዙ ፈልጎ አገኛት፤ ወገቧ ረዘም ያለ ነው። ዙሪያዋን ጥቂት ንቦች ፊታቸውን ወደ እሷ አዙረው ከበዋታል።

«ሰው ‹አውራ የሌለው ንብ፣ አለቃ የሌለው ሕዝብ› ሲል አውራዋ የምታዝ ይመስለዋል» አሉ። «አታዝም። እነዚህ ይዳስሷታል፣ ይልሷታል፣ ያጎርሷታል፤ ከዚያ ሽታዋን ለሌላው ያቀብላሉ፣ ሌላውም ለሌላው። በዚህ ነው ቀፎው ሙሉ ‹አለች› ብሎ የሚያድረው። ብታወጣት ግን ጥቂት ሰዓት ሳይቆይ ይታመሳል።»

«ታዲያ እኔን ይላሱኝ?» ብሎ ሳቀ ወጣቱ።

ሽማግሌው እንጀራውን ቀስ አድርገው መለሱና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«በ2007 ክረምት ዋግ ላይ ዝናቡ ቀረ። አበባ ሲጠፋ ንቦቼ ቀፎውን ጥለው ኮበለሉ። ሁለቱን ቀፎ ከማኅበሩ በዱቤ ነበር የወሰድሁት፤ መክፈያው ደረሰ። ቢሮ ብሄድ ጸሐፊው ‹ማመልከቻ ጽፈህ አስገባ› አለኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። አፌን የፈታሁት በኽምጥኛ ነው፤ አማርኛዬ ያኔ ሲጨንቀኝ ይተሳሰር ነበር።

«ማታ ወደ ያኔው ሊቀ መንበር ቤት ሄድሁ፤ ዱላ ይዤ ነው የሄድሁት። እንደምታውቀው በኛ አገር ሲመሽ ውሻ ይፈታል። የሱ ውሻ ግን ታስሯል። ኋላ ብጠይቀው ‹ቀን የማይመቸው ሰው ማታ ይመጣ ይሆናል› አለኝ። በኽምጥኛ ‹ግባ› ብሎ ከራቱ አቀረበኝ። ችግሬን ስጨርስ ‹ዕዳህን ልሰርዝልህ አልችልም፤ የሁላችን ገንዘብ ነው› አለኝ። ተቀየምሁት።

«ጎህ ሳይቀድ ግን ደጄ ቆሟል፤ በእግሩ መጥቶ። ቀፎዎቼን አንድ በአንድ ከፈተ። ባንዱ ውስጥ ከነአውራቸው ጥቂት ንቦች ቀርተዋል። በኪሱ ከያዘው ስኳር ጥቂቱን በውኃ በጥብጦ አቀረበላቸው፤ የቀረውን ስኳር ለኔ ሰጥቶኝ ሄደ። በጉባኤው ዕለት ‹ይናገር› አለ። በኽምጥኛ ተናገርሁ፤ ቃሌን አንድም ሳይጨምር፣ አንድም ሳይቀንስ ወደ አማርኛ መለሰልኝ። ጉባኤው የሁለት ዓመት ጊዜ ሰጠኝ። የማኅበሩን ዕዳ ከፍዬ ጨረስሁ። የሱን ግን እስከ ዛሬ አልጨረስሁም።»

«እንግዲያ ሁልጊዜ ደገፉት ማለት ነው» አለ ወጣቱ።

«ደግፌው? ከዓመታት በኋላ፣ የማኅበሩ ሚዛን ይሰርቃል የሚል ወሬ ተነሣ። ከጠላ ቤት እስከ ገበያ ድረስ ሁሉም ያወራል፤ ለሱ የነገረው የለም። እኔ ማሬን ጎረቤት ሚዛን ላይ መዝኜ ወስጄ ነበርና በየ10 ኪሎው ሩብ ኪሎ እንደሚጎድል አውቄያለሁ። በዚያው ሌሊት ሄድሁ። ውሻው እንደ ድሮው ታስሯል። ‹አያ፣ ሚዛንዎ ይሰርቃል› አልሁት።

«ፊቱ ተለዋወጠ። በማግስቱ ሚዛኑን አባላት ፊት አውጥቶ አስፈተሸው፤ ጎድሏል። ያለፈው ሂሳብ ሁሉ ተሰልቶ ለየባለቤቱ ተመለሰ። አንዱ ተነሥቶ ‹ያን ሁሉ ያደረግህለት ሰው አዋረደህ› ቢለው፣ ‹እናንተ ከደጄ ወዲያ ስትሉት የሰነበታችሁትን እሱ ቤቴ ገብቶ ነገረኝ› አለ። ሌላ አልጨመረም።»

ወጣቱ ዝም አለ። ንቦቹ ከቀፎው አፍ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ቆይቶ፣ «የሱ ዘመን ሌላ ነበር» አለ። «አሁን ሥራው በዛ፤ ቢሮ ሰዓት አለው፣ ስልክም አለ።»

«አለ» አሉ ሽማግሌው። «ቤት ቀይረሃል መሰለኝ?»

«አዎ፤ ጽጽቃ ከተማ ገብቻለሁ።»

«አጥር አለው?»

«የቆርቆሮ አጥር ነው፤ በሩ ጠንካራ ነው።»

«ውሻስ?»

«ሁለት አሉኝ።»

ሽማግሌው ተነሥተው የቀፎውን ክዳን ገጠሙ፤ ዱላቸውንም ከግድግዳው ላይ አነሡ።

«ዛሬ ማታ እሰራቸው» አሉት። «ስለ ሚዛኑ የምነግርህ አለኝ።»