ስለ መድገም

አንድን መልካም ሥራ ሳያጓድል የደገመ ሰው ከሥራው ጋር መልካምነቱንም ያገኛልን? ይህን ጥያቄ ያስነሣብኝ የጥበብ መጽሐፍ ሳይሆን የሚያስፈራ ፊልም ስለ ሆነ፣ አንባቢ እንዳይስቅብኝ አስቀድሜ እለምናለሁ።

አልፍሬድ ሂችኮክ በ1960 እ.ኤ.አ. የሠራውን «ሳይኮ» የተባለውን ፊልም በተማሪነቴ ጊዜ አዲስ አበባ አይቼው ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን ብቻዬን ገላዬን ለመታጠብ እፈራ ነበር። በቅርቡ ደግሞ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ፣ ጋስ ቫን ሳንት በ1998 እ.ኤ.አ. መልሶ የሠራውን እዚህ ሸደር ቤቴ መጥቶ በኮምፒዩተሩ አሳየኝ። ድርሰቱ ያው የጆሴፍ ስቴፋኖ ነው፤ ሙዚቃው ያው የበርናርድ ኸርማን ነው፤ ካሜራው የቆመበት ስፍራ እንኳ ከጥቂቱ በቀር አልተለወጠም። ጥቁርና ነጭ የነበረው ባለ ቀለም ሆነ፤ ሴቲቱ የሰረቀችውም 40,000 ዶላር፣ የገንዘብ ዋጋ ስለ ወደቀ፣ 400,000 ሆነ። ፍርሃቱ ግን የለም። እኩሌታው ላይ ስንደርስ ሻይ አፍልቼ ተመለስሁ፤ ያመለጠኝም ነገር አልነበረም።

ተማሪዬ «መዓሊን፣ ፍጻሜውን ስለሚያውቁት ነው» አለኝ (እዚህ መምህርን እንዲህ ይሉታል)። ለጊዜው እውነት መሰለኝ። ነገር ግን በዚህ አገር የሶማሌ አያቶች ስለ ዴግዴር ያወራሉ፤ ጆሮዋ ረጅም የሆነ፣ የሩቁን ኮቴ የምትሰማ፣ ሰው የምትበላ ሴት ናት። ልጆች መጨረሻ ላይ እንደምትሞት ያውቃሉ፤ ደጋግመው ሰምተውታል። ሆኖም በየሌሊቱ የአያታቸውን ልብስ ጨምድደው ይይዛሉ። እንግዲህ ፍርሃትን የሚገድለው ማወቅ አይደለም። አንዲቱን አያት ልብ ብዬ ተመልክቻለሁ፤ ስታወራ ዓይኗ ከልጁ ፊት አይነቀልም። ልጁ ሲዘናጋ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ እጅግ ሲፈራ ታስልና ወሬውን ታዘገየዋለች። የምትከተለው የትናንቱን አወራርዋን ሳይሆን የዛሬውን ልጅ ነው።

የሂችኮክም ዓይን ወንበር ላይ በተቀመጠው ሰው ላይ ነበር። የፊልም ኩባንያው ገንዘብ ለማውጣት ስላልፈለገ፣ የቴሌቪዥን ሠራተኞቹን ይዞ፣ የራሱን ደመወዝ ትቶ ከትርፉ ድርሻ ሊወስድ ተስማምቶ፣ በ800,000 ዶላር ገደማ ሠራው። ባለታሪኳን ከእኩሌታው በፊት እንድትሞት አደረገ፤ ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ የመጣም ሰው እንዳይገባ ሲኒማ ቤቶችን አስጠነቀቀ። ሁለተኛው ግን ዓይኑን የተከለው በመጀመሪያው ፊልም ላይ ነው። ሙከራ ነው ብለው የሚያመሰግኑት አሉ፤ ድፍረቱን እኔም አልነቅፍም።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለፊልም ተቆርቍሬ አይደለም። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ አንድ ጓደኛችን የሌላውን ልጅ ደብተር ሰርቆ ተያዘ። መምህራችን አልመታውም፣ አልሰደበውም፤ የራሱን አዲስ ደብተር አምጥቶ በሁላችን ፊት አኖረለትና ትምህርቱን ቀጠለ። ልጁ አለቀሰ፤ ከዚያም ወዲህ ወደ ሰው ዕቃ እጁን አልዘረጋም። እኔም ያን ቀን እንደ ታላቅ ሀብት ይዤው ኖርሁ።

ሸደር ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሶማሊያ ለመጡ ስደተኞች መጠለያ ሆናለች። ጡረታ ልወጣ ጥቂት ዓመት ሲቀረኝ፣ አንድ የስደተኛ ልጅ የጓደኛውን እስክሪብቶ ወሰደ። እኔም ደስ እያለኝ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ እያለኝ፣ አዲስ እስክሪብቶ አምጥቼ በሁሉ ፊት አኖርሁለት። አንዲት ቃል ሳልናገር፣ መምህሬ እንዳደረገው ወደ ሰሌዳው ዞርሁ። ክፍሉ ሳቀ። ልጁ እስክሪብቶውን ትቶ ወጣ፤ አልተመለሰም።

ቸርነቱ ያው ነበር፤ ዝምታውም ያው ነበር። ብዙ ጊዜ ልጁን፣ አስተዳደጉን፣ ዘመኑን ስከስስ ኖርሁ። አሁን ሳስበው፣ መምህሬ ወደ ሰሌዳው ከመዞሩ በፊት ያን ልጅ ረጅም ጊዜ ተመልክቶት ነበር፤ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ የሚያውቅ አይመስለኝም። እኔ ግን የማየው መምህሬን ነበር። በርዳታ ለሚኖር ልጅ በሰው ፊት መቀበል ምን እንደ ሆነ፣ ፊቱን ብመለከት ኖሮ አነበው ነበር። መምሰል ይቅር አልልም፤ ሕፃንም አፉን የሚፈታው በመምሰል ነው።

ተማሪዬ ኮምፒዩተሩን ሲዘጋ ስለዚያ ልጅ ጠየቅሁት፤ አንድ ክፍል ነበሩ። ጅግጅጋ በአንድ ሱቅ እንደሚሠራ ነገረኝ። በሚመጣው ሳምንት ወደ ጅግጅጋ መንገድ አለብኝ። የምናገረውን አላዘጋጀሁም።