ሕፃናት፣ የተፈጥሮ ማስታወሻና የምሳሌ እውነት

ሕፃናት ደብተር ይዘው ወደ ሜዳ ወጥተው ያዩትን ወፍና ቅጠል በሥዕልና በጽሑፍ እንዲመዘግቡ ማስተማር፣ ፍጥረትን በትክክል ማየት በራሱ የአምልኮ ክፍል ነውን የሚል ጥያቄ ያስነሣል። ከግሪክ ወደ ግእዝ የተተረጎመው ጥንታዊው ፊሳልጎስ፣ ማለትም የእንስሳትን ጠባይ ለመንፈሳዊ ምሳሌ የሚያውለው መጽሐፍ፣ ፔሊካን የሞቱ ጫጩቶቿን በገዛ ደሟ እንደምታስነሣ ይተርካል፤ በዝዋይ ሐይቅ ዳር ቆሞ የሚመዘግብ ልጅ ግን ወፏ በምንቃሯ ሥር ባለው ከረጢት ዓሣ ስታጠምድ እንጂ ደሟን ስታፈስ አያይም። በዚህ እምነቱ ይጎዳልን? አይጎዳም፤ ምሳሌው የሚናገረው ስለ ክርስቶስ ቤዛነት ነውና በወፏ አመጋገብ አይፈርስም፣ ወፏም ምሳሌ ከመሆኗ በፊት በራሷ የእግዚአብሔር ፍጥረት ናት። የዜጎች ሳይንስ፣ ይኸውም ተራ ሰዎች ያዩትን ከቀንና ከቦታ ጋር መዝግበው ለተመራማሪዎች የሚያቀርቡበት አሠራር (እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1900 በአሜሪካ የተጀመረው የገና የወፍ ቆጠራ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው)፣ ልጁን ከዚህም የከበደ ነገር ይጠይቀዋል፤ ያላየውን እንዳየ አድርጎ እንዳይጽፍ፣ የተጠራጠረውንም በጥርጣሬነቱ እንዲያሰፍር ያስገድደዋል፤ ብዙ መምህራን እንደ ሥዕል ጨዋታ የሚያዩት ይህ ልማድ፣ በሐሰት አትመስክር የሚለውን ትእዛዝ ከባልንጀራ አልፎ መናገር ለማይችለው ፍጥረት ጭምር የሚያደርስ ነው።