ጌታው የተወው ፈረስ



ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ጀርባው በጭነት የቆሰለ፣ ጠባቂ የሌለው ፈረስ ብታገኙ ምን ታደርጋላችሁ?

መጀመሪያ ባለቤቱን አፈላልጉ። ጠፍቶበት ከሆነ የሰው ሐቅ ነው። መቀለብ አቅቶት ትቶት ከሆነ ግን፣ ወስዶ ነፍስ የዘራበት ሰው ንብረቱ እንደሚሆን አቡ ዳውድ የዘገቡት ሐዲስ ያመለክታል።

ልብ በሉ! ፈረሱን የእናንተ የሚያደርገው ማዘናችሁ ሳይሆን ማዳናችሁ ነው። ሐዘኔታ የደቂቃ ነው፤ ድርቆሽና ውሃ ግን የየዕለት፣ ከደጋው ብርድ መጠለያም የየሌሊት ነው።

ገና ቀና ሲል፣ ቁስሉ ሳይሽር ከጫንነውስ ከቀድሞው ጌታው በምን ተሻልን? ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) የተራበና በሥራ የተጎዳ ግመል አይተው ባለቤቱን አላህን እንዲፈራ ገሥጸውታል።

ብቻችሁን ካልቻላችሁ ቀለቡን ከጎረቤት ጋር ተካፈሉ፤ አጅሩ ለሁላችሁም ይበቃል።