ጸሎት የእርዳታ ዋጋ ሊሆን ይገባልን?

የመጠጥ ሱስ ሲነሣ አስቀድመን የምናስበው የገንዘብን ብክነትና የጤናን መጓደል ነው። ይሁን እንጂ ከመጠጡ ጋር አብሮ የሚያድግ ሌላ በሽታ አለ፤ እርሱም ሐሰት ነው። በሱስ የተያዘ ሰው ለትዳር ጓደኛው፣ ለአሠሪው፣ በመጨረሻም ለራሱ መዋሸትን ይለምዳል። ስለዚህ የፈውሱ መጀመሪያ በሌላ ሰው ፊት እውነቱን መናገር ነው።

ይህን መንገድ በሰፊው ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት፣ በአክረን ከተማ የተጀመረው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተባለው ማኅበር ነው። ከመጠጥ የተላቀቀው ገና የተያዘውን ይረዳል፤ የአባት ስማቸውን ሳይገልጡም ያሳለፉትን ይነጋገራሉ። ቤተ ክርስቲያናችንም ከዚህ ሥራ አልራቀችም፤ በ1939 በዚያው ከተማ በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል እኅት ኢግናሺያ የተባሉ መነኵሲት ከማኅበሩ መሥራቾች አንዱ ከነበሩት ሐኪም ጋር ሆነው በመጠጥ ለተጐዱ ሰዎች አልጋ ሰጥተዋል። የማኅበሩ አሥራ ሁለት ደረጃዎች ሰውየው እንደ መረዳቱ መጠን ራሱን ለአምላክ እንዲሰጥና እንዲጸልይ ይመራሉ። ይህም ለብዙዎች የሕይወት በር ሆኗል። ማመን ያልቻለውስ በየት ይግባ?

ለእነዚህ ሰዎች ሌሎች ማኅበራት ተነሥተዋል። ከመጠጥ የተላቀቁት ጄምስ ክሪስቶፈር በ1985 ሐሳባቸውን በጽሑፍ ካቀረቡ በኋላ ሃይማኖትን ከፈውስ የለየ የመረዳጃ ማኅበር መሠረቱ። በ1994 የተቋቋመው ስማርት ሪከቨሪ የመጠጥ ፍላጎት ሲቀሰቀስ አስተሳሰብን ለመመርመር የሚረዱ፣ ከሥነ ልቡና ትምህርት የተወሰዱ ዘዴዎችን ያስተምራል። በካሊፎርኒያ የተጀመረው ላይፍሪንግ በስብሰባው የሚያነሣው ጥያቄ «ሳምንትህ እንዴት ነበር?» የሚል ነው፤ እያንዳንዱ ያለፈበትን ይናገራል፤ ሌላውም ያዳምጣል።

በእነዚህ ስብሰባዎች ጸሎት አይደረግም። ታዲያ እኛ ምእመናን እንዴት እንመልከታቸው? «ሰውን በራሱ ኃይል ብቻ እንዲታመን ማድረግ ትዕቢትን ማስተማር አይደለምን?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ሊናቅ አይገባውም፤ ያለ ጸጋ ከክፉ ሁሉ ነጻ እንወጣለን ብለን አናምንምና። ነገር ግን በማያውቃቸው ሰዎች መካከል ተቀምጦ «ብቻዬን አልቻልኩም» የሚልን ሰው ትዕቢተኛ ማለት አይቻልም። ደግሞም ጸጋ ተፈጥሮን የሚፈጽም እንጂ የሚያፈርስ እንዳልሆነ ቅዱስ ቶማስ ዘአኵኖ አስተምሯል። መደማመጥና መደጋገፍ የተፈጥሮ በጎነት ናቸው፤ የበጎ ነገር ሁሉ ምንጭ ደግሞ ስሙ በማይጠራበትም ስፍራ መስጠቱን አያቋርጥም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የእውነት ጉዳይ ነው። የማያምነውን ሰው «ካልጸለይህ አትረዳም» ብንለው ሁለት መንገድ ብቻ እንተውለታለን፤ ወይ ወደ መጠጡ ይመለሳል፤ ወይ ያላመነበትን በአፉ ይናገራል። ሁለተኛውን ቢመርጥ፣ ሊተወው የመጣውን ሐሰት በእኛ ደጃፍ እንደ ገና ይጀምራል፤ ጸሎቱም ከውሸቶቹ አንዱ ይሆናል። በ1996 የኒው ዮርክ ግዛት ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተመሳሳይ ጉዳይ ቀርቦለት ነበር፤ አንድ የማያምን እስረኛ ከቤተሰቡ ጋር በልዩ ሁኔታ እንዲገናኝ የሚፈቀድለት በአሥራ ሁለቱ ደረጃዎች ላይ የተመሠረተውን ትምህርት ከተከታተለ ብቻ ነበር። ፍርድ ቤቱም ሌላ አማራጭ ሳይሰጡ እንዲህ ማስገደድ ተገቢ እንዳልሆነ በየነ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም በ1965 ስለ ሃይማኖት ነጻነት ባወጣው ሰነድ ማንም ከሕሊናው ተቃራኒ እንዲሠራ መገደድ እንደሌለበት አስተምሯል።

ይህን ስንል እነዚህ ማኅበራት የሰውን ጥማት ሁሉ ያረካሉ ማለታችን አይደለም። መጠጡን የተወ ሰው የበደላቸው ልጆቹና ያባከናቸው ዓመታት ይጠብቁታል፤ ስርየትንም ማንም ጓደኛ ሊሰጠው አይችልም። ቤተ ክርስቲያን ይህን ስጦታ ይዛ በርዋን ክፍት አድርጋ ትጠብቀው። ዋጋ የሚጠየቅበት ስጦታ ግን ስጦታነቱ ይቀራል። ጌታችን ዐሥር ለምጻሞችን ባነጻ ጊዜ ለማመስገን የተመለሰው አንዱ ብቻ ነበር፤ ስለ ዘጠኙ ቢጠይቅም የሰጣቸውን ፈውስ አልወሰደባቸውም።

እንግዲህ በሱስ የተያዘ ወንድማችን ወይም እኅታችን ወደ እኛ ሲመጣ፣ ስለ እምነቱ ከመጠየቃችን በፊት እውነቱን እናዳምጠው፤ ፈውሱን በሌሎች ዘንድ ቢያገኝም ደስ ይበለን።