በደህና መግባት ማስረጃ ይሆናልን?

ባለፈው ክረምት ከሚዛን ተፈሪ በሸኮ በኩል ወደ ቴፒ ስጓዝ የተሳፈርንበት ሚኒባስ ከልኩ በላይ ትርፍ ሰው ጭኖ ነበር። ዝናብ ይዘንባል። አንድ አዛውንት «ልጄ፣ ቀስ በል» ቢሉት ሾፌሩ «አባባ፣ ስንት ዓመት የተመላለስኩበት መንገድ ነው! ቀደር ከሆነ የትም አይቀርልን» አላቸው። እኔም ዝም አልኩ። አልሐምዱ ሊላህ፣ በደህና ገባን።

ውድ አንባቢያን! ያሳሰበኝ ይኸው በደህና መግባታችን ነው። መቶ ጊዜ የታለፈ አደጋ አደጋነቱ አይቀርም፤ ዓይናችን ግን ይለምደዋል፤ መትረፋችንንም እንደ ብልሃት እንቆጥረዋለን። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በሲዳማ ቦና ዙሪያ ወደ ሠርግ የሚሄዱ ሰዎችን የጫነ አይሱዙ ወንዝ ገብቶ ከ70 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ከቤታቸው የወጡት ለደስታ ነበር።

ታዲያ ቀደር የጥፋታችን መሸፈኛ ነውን? ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ከመንገድ ተመለሱ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ከአላህ ቀደር መሸሽ እንዳይሆን ቢጠይቋቸው፣ መመለሱም ራሱ የአላህ ቀደር መሆኑን አስረዷቸው።

ፍጻሜው የአላህ ነው፤ ትርፍ መጫን፣ መፍጠንና ዝም ማለት ግን የእኛ ምርጫ ነው። የምንጠየቀውም፣ ብንደርስም ባንደርስም፣ በምርጫችን ነው። ያን ቀን አዛውንቱን ብቻቸውን ትቻቸዋለሁና በደህና የገባሁበት ጉዞ ዕዳ ሆኖብኛል።

ወላሁ አዕለም።