ከአራተኛው ቀን በኋላ

በአማርኛ «እንግዳ» የሚለው ቃል ሁለት ሰዎችን በአንድ ስም ይጠራል። አንደኛው ከምግቡ የተሻለው፣ ከመኝታው የሞቀው የሚቀርብለት የቤት እንግዳ ሲሆን፣ ሁለተኛው ማንነቱ ያልታወቀ፣ ጠባዩ ያልተለመደ ባዕድ ነው። የቃሉ ዘር ከግዕዝ የወረደ ነው፤ በግዕዝ «ነገደ» ማለት ተጓዘ፣ መንገድ ሄደ፣ ሸጠ ለወጠ ማለት ሲሆን፣ «ነግድ» መንገደኛና እንግዳ፣ «ንግደት» ደግሞ ቅዱስ ቦታ ለመሳለም የሚደረግ ጉዞ ነው፤ የዛሬው «ነጋዴ»ም ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው። እንግዳና ነጋዴ እንግዲህ በቋንቋው ዘንድ ወንድማማቾች ናቸው፤ ሁለቱም ከሩቅ መጥተው ደጅ ይቆማሉ፤ የሚለያቸው አንዱ የሚቀርብለትን ሲጠብቅ ሌላው የሚሰጠውን ይዞ መምጣቱ ነው። ወደ ባዕድ አገር ሄዶ የሰፈረ ሰው እንግድነቱ መቼ ያበቃል፣ ወዳጅ አገኘ የሚባለውስ መቼ ነው ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ በአብዛኛው የተደበቀው በዚህች ልዩነት ውስጥ ነው።

ሃይማኖቶች እንግዳን ስለ መቀበል ያስተማሩት የታወቀ ስለሆነ በዝርዝር መድገም አያስፈልግም፤ ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 19 እስራኤላውያን ራሳቸው በግብፅ እንግዶች እንደነበሩ እያስታወሰ መጻተኛውን እንደ ራስ መውደድን ያዛል፤ የማቴዎስ ወንጌልም በምዕራፍ 25 እንግዳን መቀበልን ክርስቶስን ራሱን ከመቀበል ይቆጥረዋል። ብዙ ጊዜ የማይነሳው ግን መስተንግዶው የጊዜ ገደብ ያለው መሆኑ ነው። በእስልምና ሐዲስ፣ ማለትም ከነቢዩ መሐመድ በተላለፈው የቃልና የተግባር ትውፊት፣ የእንግዳ መብት ሦስት ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚደረግለት ሁሉ ሰደቃ፣ ማለትም ምጽዋት ይሆናል። «የ12ቱ ሐዋርያት ትምህርት» የተባለው፣ በግሪክኛ ስሙ ዲዳኬ የሚታወቀው ጥንታዊ የክርስቲያኖች የሥርዓት መጽሐፍም (በኢትዮጵያ ከሚታወቀው ዲድስቅልያ ጋር መምታታት የለበትም) መንገደኛው ቢያስፈልግ ሁለት ወይም ሦስት ቀን እንዲቆይ ፈቅዶ፣ ከዚያ ወዲያ መኖር ከፈለገና የእጅ ሙያ ካለው ሠርቶ እንዲበላ ይደነግጋል። ይህ ክፍል በግዕዝ ከተላለፉት የሐዋርያት ሥርዓቶች ጋር ተካትቶ በኢትዮጵያም ተጠብቆ ቆይቷል።

ሁለቱ ሃይማኖቶች በሦስት ቀን ላይ መገናኘታቸው ስስትን የሚያሳይ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ሥርዓቱ የሚጠብቀው የባለቤቱን ጎተራ ብቻ ሳይሆን የእንግዳውንም ክብር ነው፤ በአራተኛው ቀን የሚቀርበው ምግብ ከትናንቱ ባይለይም፣ በላተኛው ግን ከእንግዳነት ወደ ተመጽዋችነት ተሸጋግሯልና። የዘመኑ መንግሥታት ይህን ገደብ አራዘሙት እንጂ አልሻሩትም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣውን የስደተኞች ሕግ ተከትሎ በተዘረጋው አሠራር፣ ለብዙ ዓመታት አዲስ ገቢው ቤት የሚከራይለት፣ ዕቃ የሚሟላለትና በቢሮዎች መካከል የሚመራው የመጀመሪያ ድጋፍ ቢበዛ 90 ቀን ነበር፤ የፍልስፍናው ጥያቄም የሚጀምረው በ91ኛው ቀን ጠዋት ነው።

ለዚያን ቀን ሰው አማርኛ ሁለት ስሞች አሉት፤ ሁለቱም መምጣትን ከሚያመለክት ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው፤ አንዱ የመጽሐፍ ቅዱሱ «መጻተኛ» ሲሆን ሌላው የሰፈሩ «መጤ» ነው። የመጀመሪያው ርኅራኄን ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ስድብ ከሆነ ቆይቷል። ጀርመናዊው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ጌኦርግ ዚመል እ.ኤ.አ. በ1908 ስለ እንግዳ በጻፈው አጭር ጽሑፍ ያነሳው ይህንኑ ሰው ነው፤ ለዚመል እንግዳ ማለት ዛሬ መጥቶ ነገ የሚሄደው መንገደኛ ሳይሆን፣ ዛሬ መጥቶ ነገም የሚያድረው፣ ቅርብም ሩቅም የሆነው ሰው ነው፤ የዚህም ዋና ምሳሌው ነጋዴው ነው። ጸሐፊው ግዕዝ ሳያማክር ግዕዝ በአንድ ሥር ያሰራቸውን ሁለት ቃላት መልሶ ማገናኘቱ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ከነጋዴው ጋር የተያያዘው ትልቁ ታሪክ ግን የመዲና ነው። እ.ኤ.አ. በ622 ከመካ የተሰደዱት ሙስሊሞች፣ ማለትም ሙሃጂሮቹ፣ ንብረታቸውን ትተው መዲና በደረሱ ጊዜ ነቢዩ እያንዳንዱን ስደተኛ ከአንድ የአገሩ ሰው ጋር በወንድማማችነት አጣመሩ። ዐብዱራህማን ኢብን ዐውፍ፣ ቀደም ሲል ወደ ሐበሻ ምድርም ከተሰደዱት አንዱ የሆነው፣ የተጣመረው ሰዕድ ኢብን ረቢዕ ከተባለ ባለጸጋ ጋር ነበር። ሰዕድም ሀብቱን እኩል ሊያካፍለው፣ ከሁለት ሚስቶቹም አንዷን ፈትቶ ሊድርለት ፈቃዱን ገለጸ፤ ዐብዱራህማን ግን ለሰዕድ በቤተሰቡና በንብረቱ ላይ በረከትን ተመኝቶ፣ ገበያው የት እንደሆነ ብቻ እንዲያሳየው ጠየቀ። ወደዚያው ሄዶም በደረቀ አይብና በቅቤ ንግድ ጀመረ። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የሰዕድን ቸርነት ለማወደስ ሲሆን፣ ያም ተገቢ ነው፤ ጠለቅ ያለው ጥበብ ግን የእንግዳው ይመስላል፤ ለጋሱን ሳያስቀይም፣ ልግስናውንም ሳያናንቅ፣ ግማሽ ሀብት ሊሰጠው የማይችለውን ነገር፣ እርሱም በተራው ሰጪ የሚሆንበትን መንገድ መርጧልና።

ለዚህ ምርጫ የፍልስፍና ማብራሪያ የሚገኘው እርሱ ራሱ ባይተዋር ከነበረ ሰው ዘንድ ነው። አርስቶትል ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው ድርሰት ካሉት 10 ክፍሎች ሁለቱን ለወዳጅነት የሰጠ ሲሆን፣ የተወለደው በሰሜን ግሪክ በስታጊራ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖረው ግን በአቴና ነው። በአቴና ሕግ «ሜቶይኮስ» ነበር፤ ይህም መኖሪያውን የለወጠ ማለት ሲሆን፣ እንዲህ የተባለው ነዋሪ መሬትና ቤት በባለቤትነት መያዝ አይችልም፤ ወንዱ በዓመት 12 ድራክማ ግብር ይከፍላል፤ ስሙንም የሚያስመዘግብለት የአገሩ ተወላጅ የሆነ ዋስ ሊኖረው ይገባል። የመቄዶን ንጉሥ እስክንድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ323 ሲሞት በመቄዶን ወዳጅነት የተጠረጠረው ፈላስፋ በአማልክት ላይ አጥፍቷል ተብሎ ተከሰሰና ከተማይቱን ለቆ በዓመቱ በካልኪስ ሞተ። ስለ ወዳጅነት የተጻፈው ታላቁ ድርሰት እንግዲህ የዜግነት ሳይሆን የዋስ ወረቀት በያዘ ሰው እጅ የተጻፈ ነው።

አርስቶትል ወዳጅነትን ለጥቅም፣ ለደስታና ስለ መልካም ጠባይ በሚደረግ ከፍሎ፣ ሦስተኛው ጊዜንና መለማመድን እንደሚፈልግ፣ ሰዎችም በምሳሌ የሚነገረውን ያህል ጨው አብረው ሳይበሉ እንደማይተዋወቁ ያስረዳል፤ አማርኛም «ባልንጀራ» የሚለውን ቃል በተለምዶ «ባለ እንጀራ» ብሎ ሲፈታ የሚናገረው ይህንኑ ነው። ለያዝነው ጉዳይ ይበልጥ የሚረዳው ግን ሌላ ሐሳቡ ነው። በጎ አድራጊዎች በጎ የተደረገላቸውን የሚወዱት፣ የተደረገላቸው ሰዎች እነርሱን ከሚወዱት አብልጠው ነው፤ ምክንያቱም ሰጪው እንደ ገጣሚ በሌላው ሕይወት ውስጥ የራሱን ሥራ ያያል፤ ተቀባዩ ግን የሚያየው ጥቅሙን ነው። ወዳጅነትም ከመወደድ ይልቅ በመውደድ ላይ የቆመ ነው። በአማርኛ ሰዋስው ሲታይ ነገሩ ግልጽ ይሆናል፤ «ወዳጅ» የሚወደው እንጂ የሚወደደው አይደለም፤ የሚወደደውስ «ተወዳጅ» ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚሰጠው እንግዳ ተቀባይ አገር እንግዳውን ሊወደው ይችላል፤ እንግዳው ግን የሚሰጥበት በር እስካልተከፈተለት ድረስ ተወዳጅ ሆኖ ይቀራል እንጂ ወዳጅ አይሆንም።

በዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ይነሳል። መስጠት እንግድነትን የሚያስቀር ቢሆን ኖሮ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በሊባኖስ በሰው ቤት የሚሠሩት ኢትዮጵያውያት ከማንም ቀድመው ባለ አገር በሆኑ ነበር፤ ሌት ተቀን ጉልበታቸውን ይሰጣሉ፣ የሰው ልጅ ያሳድጋሉ፣ የሰው እናት ያስታምማሉ። ይሁን እንጂ «ከፋላ» በሚባለው የዋስትና ሥርዓት፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው በአብዛኛው ከአንድ አሠሪ፣ ከ«ከፊል» ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ቤቱን ለቆ መውጣት አገሩን እንደመልቀቅ ወይም ሕገወጥ እንደመሆን ይቆጠርባቸዋል፤ የአቴናው ዋስ እዚህ ላይ በሌላ ስም ተመልሶ መጥቷል፤ ያውም ከአቴናው ጠንክሮ። የተቃውሞው መልስ በራሱ በሁኔታው ውስጥ አለ፤ እምቢ ማለት የማይችል እጅ ሰጠ አይባልም፣ ተወሰደበት እንጂ። ዐብዱራህማን ወደ ገበያ የሄደው በነጻ እግሩ ነው። አንድ ነገር ግን መካድ አይገባም፤ እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ እንኳ ሠራተኛዋ ያሳደገችው ሕፃን አንዳንድ ጊዜ ከልቡ ይወዳታል፤ አርስቶትልም ጌታና ባሪያ እንደ ጌታና ባሪያ ወዳጅ ሊሆኑ እንደማይችሉ፣ እንደ ሰውና ሰው ግን እንደሚችሉ ሲጽፍ ይህችን ጠባብ ቀዳዳ ክፍት ትቷታል።

መስጠት ብቻውንም አይበቃም። አማርኛ ተናጋሪ ለተደረገለት ነገር «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል፤ ቃሉ ሲመረመር ምስጋና ብቻ ሳይሆን የዕዳ ማዛወሪያ ነው፤ ተቀባዩ «እኔ መክፈል ስለማልችል ስለ እኔ እርሱ ይክፈልህ» ብሎ ብድሩን ወደ ፈጣሪ ያስተላልፋል። ይህ ለሦስቱ ቀናት እጅግ የተመቸ ቃል ነው። በጎረቤታሞች መካከል ግን ሌላ ሥርዓት አለ፤ ንፍሮ ወይም ድፎ ይዞ የመጣ ሳህን ባዶውን አይመለስም፤ ጥቂት ቆሎም ቢሆን ይደረግበታል፤ ዕዳው ወደ ሰማይ ሳይወጣ በሁለት ደጆች መካከል ሲመላለስ ይኖራል፤ ሙሉ በሙሉ ከተከፈለ ደግሞ ሳህኑ መመላለሱን ያቆማልና ማንም ሂሳቡን ሊዘጋው አይቸኩልም። ከአገር ቤት የሄደው ሰው ባዕድ አገር ሲደርስ የሚሳሳተው ብዙውን ጊዜ በዚህች ነጥብ ነው፤ ምግብ ቤት ሲገባ «እኔ እከፍላለሁ» ብሎ ይሟገታል፤ ቤቱ የመጣውን ሁሉ «በሞቴ» እያለ ያጎርሳል፤ ጎረቤቱ በረዶ ልጥረግልህ ሲለው ግን ላለማስቸገር አይሆንም ይላል። ጨዋነቱ የማይካድ ቢሆንም፣ ይህ ሰው ሌላውን የዘላለም እንግዳው አድርጎ እንዳስቀረው አይታወቀውም።

የቤተ እስራኤል ታሪክ ጉዳዩን በማኅበረሰብ ደረጃ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1984 እና 1985 በዘመቻ ሙሴ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ያህል ውስጥ በተጓጓዙበት በዘመቻ ሰሎሞን እስራኤል የገቡት ኢትዮጵያውያን አይሁድ መጠለያ፣ ልብስና ትምህርት ተሰጥቷቸዋል። በአገራቸው ግን ማረሻ የሚሠሩ፣ ሸማ የሚሸምኑ፣ ማሰሮ የሚያበጁ፣ ጠብ የሚያበርዱ ሽማግሌዎችና ሕዝቡን የሚመሩ ቄሶች ነበሯቸው፤ በአዲሱ አገር ማረሻው ፈላጊ አጣ፤ የቄሶቹ የማጋባትና የማፋታት ሥልጣንም በረቢዎቹ ተቋም ዘንድ ሳይታወቅላቸው ቀረ። የተሰጣቸው ብዙ ሆኖ ሳለ የሚቀበላቸው አጡ። በዚህ ዓይን ሲታይ፣ የእስራኤል ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ሰግድን፣ ማለትም ከማስተሰረያ ቀን በኋላ በ50ኛው ቀን በጾምና ወደ ተራራ በመውጣት ቃል ኪዳን የሚታደስበትን በዓል፣ ብሔራዊ በዓል ማድረጉ ከሥነ ሥርዓት ያለፈ ትርጉም አለው፤ አገሩ በቀን መቁጠሪያው ላይ ከእነርሱ አንድ ቀን ተቀበለ።

በዋሽንግተንና በዙሪያዋ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የጽዋ ማኅበር ይዘው መቀጠላቸው በሌላ በኩል ብዙ ጊዜ ይተቻል፤ የራሳቸውን ሰው ብቻ እየሰበሰቡ ከአገሩ ሰው እንደራቁ ይነገራል። ትችቱ ችኩል ነው። በማኅበር ሁሉም በየተራው ደጋሽ ነው፤ የቅዱሱ ዕለት በሥራ ቀን ሲውል ወደ ቅዳሜ ወይም ወደ እሑድ ይዛወራል፤ ባለ አንድ መኝታ ቤት የተከራየው አዲስ ገቢም ወሩ ሲደርስ ሶፋውን ወደ ግድግዳ ገፍቶ፣ ወንበር ተውሶ ሃያ ሰው ያስተናግዳል። ቡናው ሲቆላ ጭስ ሲሸተው የሚጮኸው መሣሪያ እንዳያሳፍር መስኮት ተከፍቶ አንዱ ከሥሩ ፎጣ ያርገበግባል፤ መሣሪያው ከጮኸም ደንግጦ በሩን ያንኳኳው የላይኛው ፎቅ ጎረቤት፣ ዳቦው ተቆርሶለት፣ ስኒ ተይዞለት፣ ምን እንደሚከበር በተሰባበረ እንግሊዝኛ ይነገረዋል። ጉባኤው ሲበተን በጨርቅ የተሸፈነው ጽዋ በእልልታ ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጣል። ሳምንቱን ሙሉ በመሥሪያ ቤትም በጽሕፈት ቤትም ፎርም ሞልቶ የሚጠብቅ፣ የሚፈቀድለትና የሚከለከል ሰው በዚያች ዕለት የሚጠበቅ ባለቤት ይሆናል፤ ለባዕዱ ጎረቤት የሚቆርሰው ዳቦም የሚገኘው ከዚያው ድግስ ነው።

የመዲናው ታሪክም በገበያው አያበቃም። ዐብዱራህማን ጥቂት ቀናት ቆይቶ ነቢዩ ዘንድ ሲቀርብ በላዩ የሽቶ ቢጫ ቀለም ታየበት፤ ምን እንደሆነ ሲጠየቅም ከመዲና ሰዎች ወገን የሆነች ሴት እንዳገባ፣ ጥሎሿም የአንድ የተምር ዘር ክብደት ያህል ወርቅ እንደሆነ ተናገረ። ሚስትም ወርቅም ላገኘው ለዚህ ስደተኛ የተሰጠው መልስ አንድ በግም ብትሆን አርዶ እንዲደግስ የሚል ነበር።